ማድ ቤቱን ላሳመሩልን ለግቢያችን ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ሃብተጽዮን፣ በናሙዎንጎ ሰፈር የግቢያችን ባለቤት፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሁለት እግርዎ ጸንተው ቆመው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። በሁለት እግር መቆም ትልቅ ጸጋ መሆኑን በቅርቡ ስለተማርን፣ ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ አይቁጠሩብኝ።

በቅድሚያ ስለ ቸርነትዎ ላመስግን። የጋራ ማድ ቤታችንም የጋራ ሻወር ቤታችንም ማርጀታቸውን አይተው «አንዱን አድሳለሁ፤ ምረጡ» ባሉን ጊዜ፣ ሁለቱንም ማደስ የሚገባው አከራይ እንዲህ ያለ ነፃ ምርጫ ሲፈቅድ አይተን ስለማናውቅ በጣም ተደንቀን ነበር። ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

፩. ማድ ቤቱ ከልክ በላይ አምሯል። የማያንሸራትተው ወለል ድስት ለሚቀመጥበት ቤት ተሰጥቶ፣ ሳሙና የሚፈስበት ቤት እንደ ዓሣ ጀርባ ሙልጭልጭ እንዳለ መቅረቱ የእርስዎ ጥበብ ስለሆነ አልከራከርም።

፪. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። አንዱን ለመምረጥ በተሰበሰብን ጊዜ ለማድ ቤቱ ጥብቅና የቆምኩት እኔ ነኝ። ለካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤቶች ሳምቡሳ እየሠራሁ የማቀርብ ሴት ነኝና ለሥራዬ አሰብኩ። አሮጊቷ ጎረቤቴ እማማ ያለምወርቅ ቀስ ብለው «ልጄ፣ እኔ ሻወሩን እፈራዋለሁ» ሲሉ፣ «እማማ፣ ሰው ሳይታጠብ ያድራል፤ ሳይበላ ግን አያድርም» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። እርሳቸውም ስቀው እጃቸውን ከእኛ ጋር አወጡ። እርስዎም «ፋንቱ ጨረሰችው!» ብለው አጨበጨቡልኝ።

፫. ማድ ቤቱ በተመረቀ በሳምንቱ እማማ ያለምወርቅ ሻወር ቤት ውስጥ ወደቁ። ጩኸታቸውን የሰማሁት በአዲሱ ምድጃ ላይ ሽንኩርት ሳቁላላ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው በሕመማቸው መሀል የጠየቁኝ፣ «እሳቱን አጥፍተሻል ወይ?» ብለው ነው።

፬. እማማ ከሐኪም ቤት ከወጡ ወዲህ ወደዚያ ሻወር መግባት ስለማይችሉ፣ ጠዋት ጠዋት ማድ ቤትዎ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ አጥባቸዋለሁ። እርስዎ ለኪራይ ማስታወቂያ ፎቶ ሊያነሱ መጥተው በሩን ሲከፍቱ፣ «ማድ ቤት ውስጥ ሰው ይታጠባል እንዴ?» ብለው የተቆጡት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የመለሱልዎ እማማ ናቸው፤ ፎጣውን ደረታቸው ላይ ይዘው «ይቅርታ ልጄ፣ አሁን እንወጣለን» አሉዎት። እዚያ ከነበርነው ከሦስታችን መሀል ይቅርታ የጠየቁት፣ ምንም ያላጠፉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

እርስዎ እስኪያስቡበት ድረስ ጎረቤቶች ተሰብስበን፣ በመጪው እሑድ የሻወር ቤቱን ወለል ቆፍረን በሸካራ ሲሚንቶ ልንሞላው ተስማምተናል። በዚህኛው ስብሰባ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እማማ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ጀርባቸውን ሳሽላቸው «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል። ይህን ምርቃት ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ፣ ግማሹ ለእርስዎም ይድረስ ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ የጻፍኩት።

ከጥልቅ አክብሮትና ከእርስዎ ጋር ከምጋራው ጥፋት ጋር፣
ፋንቱ፣ የማድ ቤትዎ ጠበቃ የነበረች

ማስታወሻ፦ በዘመናዊው ማድ ቤት ተማርከው ለመከራየት የሚመጡ እንግዶችዎን እባክዎ ጠዋት አይላኩብን፤ በዚያ ሰዓት ሰው ገላውን እየታጠበበት ነው።