በእትዬ ጥሩወርቅ መኪና

ሐምሌ 14፣ ማታ 1፡30። ካዛንቺስ

ሻንጣው አልዘጋ ብሏል። ሽሮ አራት ኪሎ፣ በርበሬ ሦስት፣ ቆሎ፣ የልጆች ሹራብ። ዘሪሁን ላዩ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ዚፑን እጎትታለሁ፣ ናቲ የሻንጣውን ጎማ ይፈታል። አራት ዓመቱ ነው፤ ቡልጋሪያ ሰፈር አባቱ ጋራዥ እየዋለ የተማረው መፍታት ብቻ ነው። መግጠሙ ገና ነው።

ጎረቤት ሲሰናበት ዋለ። ሁሉም በሩ ላይ ሲደርስ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ይልና፣ እንዳትመለሱ! እማማ ዘነበች ሳይቀሩ። ሰፈሩ እንደሁ ሊፈርስ ነው፣ ምን ቀራችሁ ይላሉ። እኔ ግን እመለሳለሁ። መ/ቤቴ ሦስት ሳምንት ነው የፈቀደልኝ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ደግሞ ሰፈሬን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

የምንሄደው ስዊድን ነው፣ የዘሪሁን ታላቅ እህት እትዬ ጥሩወርቅ ጋ። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እዚያ ከገቡ ሃያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። ቤት የተጫነበት መኪና አላቸው፣ በሱ ኖርዌይ ድረስ ያዞሩናል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም ውስጡ። ብሌን አላመነችም። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ነገር ታጣራለች፤ ሽንት ቤቱ መኪናው ውስጥ ከሆነ የት ነው የሚፈሰው ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ። እኔም አላውቅም።

ደብተሬ፣ አንተም ትሄዳለህ። በእጅ ቦርሳዬ፣ ከፓስፖርቱ ጎን።

ሐምሌ 16። ጎተንበርግ

ገባን። አየሩ የካዛንቺስ ሐምሌ ነው፣ ጭቃው ብቻ የለም። እትዬ ጥሩወርቅ (እጄ ደከመ፣ ከዚህ በኋላ እ.ጥ. ናቸው፣ ዘሪሁንም ዘ.) ዘ.ን አቅፈው አልለቅ አሉ። የአየር ማረፊያው ሰው በጎናችን እየዞረ አለፈ። ብሌንን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቁርጥ እናታችንን! አሉ።

ቤታቸው ሳሎንና ሁለት መኝታ ነው። አንደኛውን ቢጫ አስቀብተውታል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ መብራት ያለው ሉል። እኔና ዘ. ሻንጣችንን ይዘን ልንገባ ስንል፣ ኧረ እሱ የብሌን ነው አሉ። ልጅ አያሞላቅቁብኝ ብዬ ሳቅኩ። እኛ ሦስታችን ሳሎን ነን፣ እሷ እዚያ ብቻዋን ነግሣለች።

ሐምሌ 18። መንገድ ላይ

ናቲ በልጅ ወንበር ታስሮ መሄድን እምቢ አለ። በኛ ታክሲ ጭን ላይ ነዋ የሚሄደው። አለቀሰ፣ ተራገጠ፣ በመጨረሻ ተደራደርን፦ መኪናው በቆመ ቁጥር የጎኑን በር እሱ ይከፍታል። ከፍቶም «ካዛንቺስ፣ ቡልጋሪያ፣ ቄራ! የቀረ ሁለት ሰው!» ይላል። ጫካ መሃል። አንድ ሽማግሌ ከነውሻቸው ቆመው አዳመጡት። አልተሳፈሩም።

እ.ጥ. ይነዳሉ፣ ዘ. ጎናቸው ተቀምጦ ሞተሩን ያዳምጣል። ደህና ነው። ይህ አናድዶታል፣ የሚፈታው ነገር አጣ። ሥራ ግን አላጣም፤ የሽንት ቤቱን ሳጥን አውጥቶ ማፍሰስ የሱ ሆነ። ብሌን ተከትላው ሄዳ የት እንደሚፈስ አይታ መጣች፣ አሁን ልቧ አርፏል። የጋራዥ ባለቤት፣ ስድስት ሠራተኛ የሚያዝ ሰው፣ እዚህ ያለው ቃል አንድ ነው፦ እሺ እትዬ። እሺ እትዬ።

ሐምሌ 20፣ ማታ 4 ሰዓት። ኖርዌይ

ማታ 4 ሰዓት እያልኩህ ነው፣ ፀሐይ አልገባችም! ምን ዓይነት አገር ነው? ነጠላዬን መስኮቱ ላይ ሰቅዬ ለልጆቹ ጨለማ ሠራሁላቸው። የሚተኙት ከሹፌሩ ወንበር በላይ ባለች ቆጥ ላይ ነው፣ በመሰላል ይወጣሉ። ውጪ ተራራው ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ድምፅ የለም።

ማታ ሽሮ ሠራሁ። ሽታው ጎን የቆመው መኪና ድረስ ሄዶ ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ቀመሱ፣ እንባቸው ወረደ፣ ደገሙ። ደስ አለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ አርፌ አላውቅም፣ በቃ።

አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ይቆረቁረኛል። ብሌን እ.ጥ. ጭን ላይ ሆና በስዊድንኛ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ጸጉሯን እሳቸው ያበጥራሉ፣ የምትለብሰውን እሳቸው ይመርጣሉ። የሺ፣ ቅናት ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ አልኩ ለራሴ። አክስቷ አይደሉ?

ሐምሌ 22

ሰሃን ላይ ነን። እ.ጥ. ያጥባሉ፣ እኔ አደርቃለሁ። ስለ ሳሙና እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው ይናገራሉ። ትምህርት ቤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይከፈታል። ከቤታቸው በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ጠበቃው ወረቀቱን ጨርሷል፣ የኛ ፊርማ ብቻ ቀርቷል። የምን ወረቀት? አልኩ። የብሌን፣ አሉ፤ እዚህ የምትቀርበት። ፊቴን አይተው ደነገጡ። ዘሪሁን አልነገረሽም እንዴ?

አልነገረኝም። የያዝኩትን ሰሃን አስቀመጥኩ። ቢወድቅም አይሰበርም ነበር፣ ፕላስቲክ ነው።

ሐምሌ 23

ዛሬ «አንቱ» አልላትም። በአፌማ እትዬ ስል ነው የዋልኩት፣ አንተ ላይ ግን እንደልቤ ልሁን። እሷ! ክፍል አስቀብታ፣ ጠበቃ ይዛ፣ ልጄን በስዊድንኛ እያስቆጠረች!

ትናንት ልጆቹ ሲተኙ ዘ.ን ከመኪናው ኋላ፣ ውሃው ዳር ይዤው ሄድኩ። አውጣ አልኩት። አወጣ። ብሌን የተወለደች ቀን እህቱ በስልክ፣ ይቺን ለኔ ነው የወለዳችኋት አለችው። እሱ ደግሞ፣ ያንቺው ናት እትዬ። ያለው ይኼው ነው። ሰው የሚለው ነዋ! እኔ ራሴ ጎረቤት ሹራብሽ ሲያምር ስትለኝ ያንቺው ነው እላለሁ፣ አውልቄ ግን ሰጥቼ አላውቅም። ከዚያ በየዓመቱ ልጄ እንዴት ናት ስትለው፣ አለችልሽ። መቼ ነው የምታመጡልኝ ስትለው፣ እግዜር ሲፈቅድ። እሱ ወግ መስሎታል። እሷ እያንዳንዷን ቃል ይዛለች።

ታዲያ አሁን ንገራታ! አልኩት። እንዴት አፌ ይከፈታል አለ፤ እናት ሆና ያሳደገችኝ፣ ጋራዡን ያቆመችልኝ። ልጅህን በይሉኝታ ልትሰጥ ነው? ብዬ ጮህኩ። ውሃው ላይ የነበሩት ዳክዬዎች ተነስተው በረሩ። እሱ አቀርቅሮ ጠጠር በጫማው ይገፋል። ያስጠላል።

ሐምሌ 25

ዝናብ። አምስት ሰው አንድ መኪና ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን። ናቲ እንደ ታክሲ ረዳት የሰፈር ስም ይጠራል። ሁላችንም ጨዋ ነን፤ ሻይ ይቀዳል፣ ተመስገን ይባላል።

ለማንም የማልነግረውን ልንገርህ። አሰብኩበት። ከትናንት ጀምሮ የማስበው እሱን ነው። ያ ቢጫ ክፍል። ካዛንቺስ ያለችን አንድ ክፍል፣ ሁለቱ ልጆች በራስና በግርጌ ሆነው የሚተኙባት። እሷም ስትፈርስ የት እንደምንጣል አናውቅም። የብሌን ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ወንበር ላይ አራት ልጅ ነው። ልጅ ለሌለው ዘመድ ልጅ መስጠትም እኛ የጀመርነው አይደለም። እኔን ራሴን በስድስት ዓመቴ ከገጠር አምጥተው ቄራ ላለች አክስቴ ሰጡኝ። አክስቴ ወደደችኝ፣ አስተማረችኝ። እሷ ባትወስደኝ ዛሬ ይህን መጻፍ አልችልም ነበር። ታዲያ እኔ ማነኝ የምከለክላት?

እናቴ ግን ያኔ፣ ገናን ውለን እንመለሳለን ብላ ነው ያመጣችኝ። ጠዋት ስነሳ የለችም። አክስቴ ገበያ ሄዳለች አለችኝ፣ እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስንት ቀን እንደሆነ አላስታውስም። ከዚያ ሊጠይቁኝ ሲመጡ እንደ እንግዳ ውሃ አምጥቼ እግራቸውን አጥብ ነበር፣ የእናቴንም።

አይሆንም። ነገ እነግራቸዋለሁ። (አንቱታው ተመለሰ፣ ሲናደዱ መክረምም ያደክማል።)

ሐምሌ 26፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ነገርኳቸው። መኪናችን ከነሌላው መኪና ትልቅ ጀልባ ላይ ተጭኖ ወደ ማዶ እየተሻገረ ነው። ዘ. ልጆቹን ውሃ ላሳያቸው ብሎ ወጣ። ፈሪ። እኔና እ.ጥ. ከፊት ቀረን፤ መኪናው ቆሞ እያለ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

እትዬ፣ ብሌንን አልሰጥዎትም አልኩ። በአንድ ትንፋሽ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ የማንፈጽመውን ነገር ስንልዎት ኖርን፣ ይቅር ይበሉን።

ሳቁ፣ ደስ የማይል ሳቅ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከአገር ቤት እምቢ ያለኝ ሰው የለም አሉ። ሠርግ ልምጣ ስል እሺ፣ ቤት ግዙልኝ ስል እሺ፣ ጻፉልኝ ስል እሺ። የተፈጸመው ግን ምን ያህሉ ነው? የሰዉን እሺ ማመን ከተውኩ ቆየሁ፣ የብሌንን ብቻ ግን አመንኩ፣ ስለፈለግኩ። ከዚያ አለቀሱ። ማርሹ መሃላችን ስላለ ማቀፍ አልቻልኩም፣ እጃቸውን ያዝኩ። አንጀቴን በሉት።

ጀልባው ማዶ ደረሰ፣ ሞተር አስነሱ። ገና አራት ቀን ይቀረናል፣ በአንድ መኪና።

ሐምሌ 28

ጸጥ ያለ ቀን። ጫካ ገብተን ጥቋቁር ፍሬ ለቀምን፣ የናቲ ጥርስ ወይን ጠጅ ሆኗል። ዘ. ዛሬ በራሱ ፈቃድ ለእህቱ የሆነ ነገር ሊናገር ሁለቴ ጀምሮ ሁለቴ ተወው። በሦስተኛው ይቅር በይኝ እትዬ አለ። ራሱን መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ልጅ።

ጠዋት እ.ጥ. የብሌንን ጸጉር ሊያበጥሩ ጀመሩና አቆሙ። ማበጠሪያውን ለኔ ዘረጉልኝ። መልሼ ሰጠኋቸው። አበጠሯት፣ ቀስ እያሉ፣ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

ሐምሌ 30። ጎተንበርግ

ብሌን ሰምታለች። ዳክዬዎቹን ያስነሳሁ ለታ ቆጡ ላይ ነቅታ ነበር። ስምንት ቀን ይዛው ከርማ ዛሬ ካልሲዋን ስታጥፍ ጠየቀችኝ፦ እዚህ ልትተዪኝ ነበር?

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። ኧረ በጭራሽ ልላት። አላልኳትም። ሁለት ቀን አስቤበት ነበር አልኩ። ከዚያስ? አለች። ከዚያ አይሆንም አልኩ። ለምን? ስለምትናፍቂኝ፣ አንቺንም ሳልጠይቅሽ ስለሆነ። ካልሲውን አጥፋ ጨረሰች። ናቲን መስጠት አይቻልም ነበር? አለች። እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። ዛሬ ቢጫው ክፍል አልተኛም ብላ ሳሎን መጥታ እኔ ጎን ገብታለች። እጇ እጄ ላይ ነው፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።

ነሐሴ 4፣ ማታ 1 ሰዓት። ካዛንቺስ

ተመለስን። ሰፈሩ ከንፈሩን መጠጠልን። እማማ ዘነበች ደግሞ ምን በድሏችሁ ተመለሳችሁ ብለው ተቆጡኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ልብሱ አይደርቅም፣ ናቲ ለጎረቤት ልጆች ስለ ሽንት ቤቱ ሳጥን ያስተምራል።

አሁን ስልክ ጮኸ። እ.ጥ. ናቸው። ዘ. አነሳ፣ ድምፃቸው እኔም ጋ ይሰማል። ደህና ገባችሁ ወይ፣ ደህና። ቀጥለው፣ ለከርሞ ክረምት ብሌን ሁለት ወር እኔ ጋ ትክረም? አሉ። የዘ. አፍ እሺ ሊል ሲከፈት አየሁት። ተዘጋ። አንዴ ቆይ እትዬ አለና ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ልጅቷን ጠየቃት። ባሌ! ጆሮዬን አላመንኩም።

ብሌን መሬት ተቀምጣ ስዕል ትቀባለች። ቀና ሳትል፣ ትኬቱ ደርሶ መልስ ከሆነ እሺ በላት አለች።

ዘ. እንዳለ አደረሰ። ራሷን አቅርብልኝ አሉ። ብሌን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለች። የሚሏትን አልሰማም፣ ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች። እሺ አክስቴ ትላለች። እሺ። እሺ። ሦስተኛዋን እሺ ስሰማ፣ በቃ፣ የአባቷ ልጅ ናት አልኩ። ከዚያ ተነስታ ቆመች፣ ድምፅዋ ከፍ አለ፦

«መመለሻውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው። አንቺም አይደለሽም፣ እማዬም አይደለችም!»