የሰኞው አድባር

ከፕኖም ፔን ዳርቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ለውድ እናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዝናቡስ ለሩዙ ደረሰለት? እኔ ከፍርሃት በስተቀር ደህና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስድስት ሆነን በምንተኛበት ክፍል ለእናት የተነገረ ምስጢር አምስት ጎረቤት ስለሚሰማው ነው።

እንደምታውቂው በዚህ ልብስ ፋብሪካ የአራት ዓመት አዲስ ሠራተኛ ነኝ። ውሌ በየሦስት ወሩ ይሞታል፤ አለቃችን አቶ ሄንግ ደስ ካለው ከሞት ያስነሣዋል። በዚህ ሳምንት ግን ባሕር ማዶ ያሉት ልብስ ገዢዎች ሰማያዊ ሱሪ ሰለቸን አሉና እኔን ጨምሮ ሠላሳ ሴቶች ልንባረር ሆነ። እነሱ ቀለም ሲጠሉ እኛ እንጀራ እናጣለን።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ሲፋጅ፣ አጠገቤ የምትሰፋው ቻንቱ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ተከትለዋት ስምንት ሴቶች ወደቁ። አቶ ሄንግ «አስመሳይ ሁላ! ተነሡ!» እያለ ሲያንባርቅ፣ ይህ ሰው ከገዢ ቀጥሎ የሚፈራው አድባር ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ። ዓይኔን ገልብጬ አጓራሁ።

«አንተ ሄንግ! በማን መሬት ላይ ቆመህ ነው ልጆቼን የምታባርረው?»

እማዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ አርባ ሁለት ቁጥር» ሲለኝ የኖረው ሰውዬ ተንበረከከ! «አያቴ አድባር፣ ይማሩኝ! ምን ላቅርብልዎ?» አለ። የተጠበሰ አሳማ፣ ለሠላሳዎቹም የዓመት ውል አልኩት። አሳማውን ምን አመጣው እንዳትዪኝ፤ ርቦኝ ነበር።

ዓርብ አሳማው መጣ፤ ሃያ ዘጠኙ ፈረሙ። እኔን ግን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ።

«እህቴ» አለኝ እየሳቀ፤ «አድባር ስለ ዓመት ውል ከየት ያውቃል? ግድ የለም። ሰኞ ገዢዎች ይመጣሉ። አያትየውም ሰኞ እመጣለሁ ብለው የለ? እነሱ ፊት ‹ልጆቼ፣ ያለ ዕረፍት ስፉ› ይበሉልኛ። ያኔ ያንቺን እፈርማለሁ። እምቢ ካሉ የሃያ ዘጠኙንም እቀደዋለሁ።»

ሰኞ የሚለው ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ሲያሾፍብኝ ነው ብዬ ለቻንቱ ነገርኳት። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ራስሽ ያልሽውን? ‹ሰኞ ራሴ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ አሳማ አልጠይቅም› አልሽ እኮ! ድምፁ ደግሞ የሽማግሌ ነበር።»

እማዬ፣ እኔ የተናገርኩት አሳማውንና ውሉን ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚኒባሱ ሾፌር ዛሬውኑ ያደርስልሻል። እባክሽ ሙዝ ይዘሽ አድባሩ ካለበት ከትልቁ ዛፍ ሥር ሂጂና «ልጄ የቀለደችው ጨንቋት ነው» በይልኝ። የሃያ ዘጠኙን ነገር እንዳትረሺ፤ የእኔን መጨረሻ ላይ አንሺው።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። የመንደራችን አድባር ይከተልሽ፤ እኔን ግን ለጊዜው ባይከተለኝ ይሻለኛል።

ልጅሽ፣
እስከ ሰኞ ድረስ