ከሣጥኑ ውጪ ስለተጻፈችው አንዲት መስመር

ለክቡር የደም ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ሦስቱም ልጆችዎ በደህና ማደጋቸውን ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ካለው ፎቶግራፍ ስለተረዳሁ እንኳን ደስ አለዎ። እኔ ሁለት ጊዜ አስወርዶኝ፣ ሦስተኛውን ጽንስ ይዤ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ደጅዎ የመጣሁት ልብስ ሰፊ ነኝ።

1. ባለቤቴ ክሮሞዞም ከሚባሉት የዘር ክሮቹ የሁለቱ ጫፍ ተለዋውጦ የተወለደ ሰው መሆኑን፣ እሱን ባይጎዳውም ለልጅ ሲተላለፍ አንዱ ጎድሎ ሌላው ሊተርፍ እንደሚችል ቅጽዎ ላይ በገዛ እጄ ጽፌ ነበር። ቦታ ስላልተተወለት ከሣጥኑ ውጪ ጻፍኩት። መዝጋቢዎም ከሣጥን ውጪ ያለ ጽሑፍ ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም የሚለውን መመሪያዎን አክብራ ዘለለችው። እንዲህ ያለች ታዛዥ ሠራተኛ ስለሰጠዎ ፈጣሪዎን ያመስግኑ።

2. ስለዚህ ከክንዴ በተቀዳው፣ የጽንሱም ዘር ተቀላቅሎ በሚገኝበት ደም ውስጥ የልጄ ክሮሞዞሞች በቁጥር ብቻ ተቆጠሩ። እኔ የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ቆጥሬ፣ እጅጌው አንገቱ ላይ መሰፋቱን ሳላይ ባስረክብ ደንበኛዬ ፊቴ ላይ ይወረውርልኝ ነበር። እርስዎ ግን «ምንም ችግር የለም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ፤ ስሜው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አማቴም አንገቴን አቅፋ በደስታ አለቀሰች። ሞኝ ቤተሰብ ነን፣ ይታዘቡን።

3. ልጄ ተወለደች፤ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ደሟን የመረመሩት የሌላ ቦታ ሐኪም፣ ያቺን መስመር ያነበበ ሰው ቢኖር ኖሮ ያው ደሜ ከባሌ ወደ ልጄ የተላለፈውን የክሮሞዞም ጉድለትና ትርፍ ለይቶ ያሳይ እንደነበር ነገሩኝ። ባውቅ ምን አደርግ እንደነበር አይጠይቁኝ። ቢያንስ አሥራ ሁለት ቀሚስ ሰፍቼ አልጠብቃትም ነበር። አንጀቴ አሯል፣ ክቡርነትዎ።

4. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል። አቤት ልል ስመጣ ምክትልዎ ወረቀቱን ገልብጠው፣ ውጤቱ ዋስትና አይሆንም የምትለዋን ጥቃቅን ፊደል ከግርጌው አሳዩኝ። ለካ የእናንተ ሲሆን ከሣጥን ውጪ የተጻፈም ይነበባል!

በቀረልኝ ዕድሜ ሁሉ የማልረሳዎ፣
የዘጠኝ ቀን እናት

ማስታወሻ፦ በአገልግሎታችሁ መርካቴን የሚጠይቅ ቅጽ ትናንት ደርሶኛል፤ ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። የልጅ ስም የሚል ሣጥን አለው። ስሟን ከሣጥኑ ውጪ ጽፌዋለሁ፤ መዝጋቢዎ እንዳትደክም።