ከበርጩማው የማይነሳው ጥላ

ጥቅምት 9፣ ጠዋት
አዲስ አበባ ያለው ዶ/ር እንድፀንስ ያዘዘልኝን ክኒን ዋጥሁ። ሙቀቱ ዛሬም ከደረቴ ተነስቶ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ውጭ ዝናብ፣ እኔ ላብ በላብ። ጡቴ የልብሴን ንክኪ አልችል አለ። ሆዴ ተነፍቶ ቀሚሴ እንቢ አለኝ። ጎረቤቴ አይታኝ “ማርያም በሽልም ታውጣሽ!” አለች። መቱ ውስጥ ቀሚስ የጠበባት ሴት ሌላ ምን ትሆናለች? አሜን ብዬ ገባሁ። አለቀስሁ። ከዚያ ሳቅሁ።

ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 8 ሰ.
ባለቤቴ ላይ ጮህሁ። በሻይ ማንኪያ ሰበብ። ተፈራ ባርኔጣውን አንስቶ ቡና ሊገዛ ወደ ያዮ ሄደ። የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላም ተፈራ በሩ ላይ ቆሞ ይታየኝ ነበር። ባርኔጣው፣ ትከሻው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥሁ። አሁንም እዚያው አለ። ቀስ ብሎ ጠፋ።
አ.አ. ጋዜጣ ላይ ስሠራ አለቃዬ ያየሽውን ብቻ ጻፊ ይለኝ ነበር። ይኸው፣ ማስታወሻዬ፣ ያየሁትን ጻፍሁ።

ጥቅምት 14
ፋኖሱን ከጓዳ ሳወጣ ብርሃኑ እንደ ክር ተጎተተ። ዶ/ሩ ነግሮኛል፦ ዓይንሽ ከደበዘዘ ክኒኑን አቁመሽ ነይ። ልጅ ለሚጠብቅ ሰው ከባድ ነው። ግን አቆምሁ።
ያየሁትን ጥላ ለአማቴ ለእትዬ ደስታ ነገርኋቸው። ክኒኑን የፈረንጅ አፈር ሲሉት የኖሩ ሴት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።
“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይነ ጥላሽ ነዋ! ማህፀንሽን የዘጋው እሱ ነው። ሊለቅሽ ሲል ታየሽ። አሁን እንዳታቋርጪ!”
“ዶክተሩ አቁሚ ብሏል፣ እትዬ።”
“እሱ ዓይነ ጥላ የት ያውቅና!”
ገና ግማሽ ድረስ የሞላውን የክኒኑን ጠርሙስ ሣጥን ውስጥ ከተትሁ።

ጥቅምት 20፣ ጠዋት
ክኒን የለም፤ ሙቀቱ ግን አለ። ጥላውም ባሰ። የሄደ ሰው ሁሉ ትንሽ ይቀራል። እትዬ ግን እንዲህ ደግ ሆነውልኝ አያውቁም። በየማለዳው ብርዝ በጥብጠው ያመጡልኛል፤ የያዮ ጫካ ማር ነው፣ ማህፀን ያሞቃል ይላሉ። ጠጥቼ እስክጨርስ በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከወጡም በኋላ እዚያው ናቸው። እጃቸው ጭናቸው ላይ።

ጥቅምት 23፣ ጠዋት
ተፈራ ገና አልተመለሰም። እትዬ ብርዙን አስቀምጠው ዶሮ ሊያበሉ ወጡ። ቶሎ አልጠጣሁትም። ሲረጋ ብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ታየ። ማር እንዲህ አይዘቅጥም። ሣጥኑን ከፈትሁ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው አንዲት ክኒን ናት። እትዬ በብርዙ እየፈጩ ሲያጠጡኝ ከርመዋል።
አልተቆጣሁም። ልጅ ሊሰጡኝ ነው የፈለጉት። እውነቱን ልጻፍ፦ ለአፍታ ልጠጣው ብዬ ብርጭቆውን አነሳሁ።
ቀና አልሁ። እትዬ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጓሮ ደግሞ ዶሮ ሲጠሩ ይሰማኛል።
ብርዙን በመስኮት ደፋሁት። በርጩማው ላይ ያሉት አልተንቀሳቀሱም።
ነገ ጎሬ፤ ከዚያ በአይሮፕላን አ.አ.፣ ዶ/ሩ ዘንድ። ልጅ ብወልድ የማየው በዚሁ ዓይን ነው።
እትዬ እየገቡ ነው። ባዶውን ብርጭቆ አይተው ፈገግ አሉ። በርጩማው ላይ ሊቀመጡ ነው። እዚያ ላይ ሰው አለ፣ እትዬ፣ እዚያ ላይ