ጋሼ በረንዳ ላይ ናቸው

ቅዳሜ

ሄዱ! እትዬ በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «በሩን! በሩን!» እያሉ ከመናኸሪያው ወጡ። አጎቴ ጋሼ አላምረውና ሚስታቸው እትዬ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት፣ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ። እስከ ሳምንቱ እሑድ ቤቱ በእኔ እጅ ነው። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ከትምህርት የተጣላሁት፣ የአስተማሪ ወንበር ላይ ማስቲካ የለጠፍሁት እኔ! ሌላ ሰው ቢያገኙማ መች ለእኔ ይተዉት ነበር።

ትእዛዙ፦
በር መቆለፍ።
ከቤት አለመጥፋት።
መሄዳቸውን ለነፍስ አለመንገር። ከታች ያሉት መምህር ለሠርግ ጉንደ ወይን ሲሄዱ ሰፈሩን ሁሉ ተሰናብተው ሄዱ። ሲመለሱ ቴሌቪዥን የለ፣ ብረት ድስት የለ።

እሑድ

ሁለት የማላውቃቸው ጎረምሶች በቆርቆሮ አጥራችን ቀዳዳ ሲያጮልቁ ያዝኋቸው። «ምን ጠፋባችሁ?» ብል «ኳስ» አሉኝ። ግቢውን ሁሉ ዞርሁ። ኳስ የሚባል የለም።

መቀመጥ አቃተኝ። ቁልፉን አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ፣ ደግሞ ቁልፉን። በመጨረሻ ጋሼን ሠራኋቸው። በረንዳ ላይ ወንበራቸው፤ ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ፤ ከላይ ጋቢያቸው። ለራሳቸው ዱባ፣ ዱባው ላይ ባርኔጣቸው። ጀርባቸውን ወደ መንገዱ አዞርሁ። ጎናቸው ራዲዮ። ወጥቼ በቀዳዳው ሳይ እኔው ራሴ እጅ ልነሣ ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ

የዛሬው ድል፦ ሳል። ጋሼ ሲስሉ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እችላታለሁ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ጥጋቡ በአጥሩ ሲያልፉ «አላምረው፣ ደህና ዋልህ?» አሉ። መስኮት ሥር ተደፍቼ ሳልሁ።

«አለቀቀህም እንዴ? ዳማከሴ ጠጣበት እንጂ!» ብለው አለፉ። ዱባን! በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልሁ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ እማማ የኔነሽ ከፊት ለፊት ግቢ ተጣሩ። ባላቸው አባ ገላው የጋሼ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ያመሹ።

«አላምረው! ገላውን አሞታል፤ ብቅ ብለህ አጫውተው እንጂ!»

ለእሳቸውም ሳልሁላቸው።

ማክሰኞ

ጋሼ ደወሉ። ነገ በጀልባ ተሻግረው የደሴት ገዳም ሊሳለሙ ነው። እስከ ዓርብ እዚያው ናቸው፣ ስልክ አይሠራም አሉ።

«ገላው ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው» አልሁ።

አሟቸዋል ብል እኮ ማን ነገረህ ይመጣል፣ ከዚያ ሳሉ ይመጣል፣ ከዚያ ዱባው። ዕረፍታቸውን ላለማወክ ነው። እንደዚያ ነው።

ረቡዕ

መውጣት አልነበረብኝም። ጓደኛዬ በሞተር ወደ ሮብ ገበያ ሲሄድ ከኋላው ተፈናጠጥሁ። ቤቱ ሰው ያለው እንዲመስል የራዲዮውን ድምፅ ጨምሬ ተውሁት። አይ ብልሃት!

በዐሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል። አባ ገላው ጠዋት ሞተው፣ ጡሩንባ ተነፍቶ፣ ተቀብረው፣ ሰፈሩ ከቀብር ተመልሶ ተቀምጧል። በእኛ በኩል ደግሞ ጋሼ ባርኔጣቸውን ደፍተው ዘፈን ይሰማሉ። ዘፈን!

ሮጬ ራዲዮውን ዘጋሁ። ምን ዋጋ አለው። ከአጥሩ ሥር የሰማሁት፦

«ጡሩንባ ነፊው ሦስት ጊዜ ጠራው፤ ዞሮም አላየው።»

«በጓደኛው ሬሳ ላይ? ይሁን። እኛም በእሱ ቀን ጆሮ የለንም።»

እማማ የኔነሽ ደግሞ አጥራችንን ያያሉ።

ለጋሼ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ደወልሁ። አይደርስም።

ሐሙስ

ብናገር፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ቤቱ ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ለቀስተኛ ሞልቷል። ዝም ብል፣ ጋሼ ጓደኛቸውን ያልቀበሩ ሰው ሆነው ይቀራሉ። 

ወደ ድንኳኑ ሄድሁ።

«ጋሽ ጥጋቡ፣ ጋሼ የሉም። ከቅዳሜ ጀምሮ ባሕር ዳር ናቸው።»

«አንተ ቸኮል! በለቅሶ ቤትም ትቀልዳለህ? ሰኞ ሳሉን በጆሮዬ ሰምቼ!»

«እኔ ነኝ የሳልሁት።»

«ውጣ ከዚህ!»

ምን ላድርግ? ድንኳኑ መሐል ቆሜ ሳልሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሰው ሁሉ ጋሼ የገቡ መስሎት ወደ በሩ ዞረ። ጋሽ ጥጋቡ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

እማማ የኔነሽ ብድግ አሉ። «አሳየኝ።»

መንገዱን ተሻገርን፤ ጋሽ ጥጋቡም ተከተሉን። እማማ ባርኔጣውን አነሡ። ዱባ።

«ዳማከሴ ጠጣ ያልሁት ይኼንን ነው?» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

ማንም አልሳቀም። እኔም።

«ሰኞ ሳል ሰማሁ፣ ይመጣል አልሁት» አሉ እማማ። «እስኪመሽ በሩን እያየ ጠበቀው።»

ይቅር ይበሉኝ አልሁ። ደግሜ አልሁት። ይቅር አላሉኝም፣ አልተቆጡኝምም። ባርኔጣውን መልሰው ዱባው ላይ ደፉት።

«እንዳለ ተወው። ቤቱ ይጠበቅ።»

ዓርብ

ድንኳኑ ተነሣ። ምሰሶውን የነቀልሁት እኔ ነኝ። ድንኳኑ እያለ ስንት ዓይን በራችን ላይ ነበር! አሁን መንገዱ ጭር አለ፤ የቤቱን ባዶነት ደግሞ የማያውቅ የለም። ቁልፉን ዘጠኝ ጊዜ አየሁ። እነዚያ ባለ ኳሶች ድንኳን ውስጥ ነበሩ እንዴ? አላስታውስም። ዐሥረኛ ላየው ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ጓዳ ሆኜ ሳል ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።  ስወጣ ጋሽ ጥጋቡ አጥሩን ተደግፈዋል።

«አላምረው! ዛሬስ ተሻለህ?» ብለው መንገዱን በጩኸት ሞሉት። ከዚያ በቀዳዳው፣ ቀስ ብለው፣ «ሳል እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ሳልሁ። ጡሩንባ ነፊው አለፈ፣ ለዱባው ሰላምታ ሰጠ። ወተት የሚያዞሩት ሴትዮ፣ የታችኛው መምህር፣ ሁሉም። ቀኑን ሙሉ «አላምረው! አላምረው!» ሲባል ዋለ። ጉሮሮዬ ተላጠ። እማማ የኔነሽ ብቻ ድምፃቸው አልተሰማም።

ጋሽ ጥጋቡ አስጠንቅቀውኛል፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ከመናኸሪያ ይቀበሏቸዋል። ወዲያው ጋሼ ደወሉ። ከደሴቱ ወጥተዋል፣ ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

«ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ። ምንም አልጠፋም።»

«ገላውስ? ዓሣ ይዤለት እየመጣሁ ነው።»

ሳል ያዘኝ። የእኔው የራሴ ሳል፣ እንዴት እንደመጣ አላውቅም፣ አልቆም አለኝ።

«አንተም ጉንፋን ያዘህ?» አሉ። «አዎ ጋሼ» አልሁ።

ዱባውን አንሥቼ ወንበሩን ወደ መንገዱ መልሻለሁ። ነገ እትዬ ገብተው ዕቃቸውን ይቆጥራሉ፤ አንድ ማንኪያ እንኳ አልጎደለም። ጋሼ ግን ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ፊት ለፊት የሚያዩት የአባ ገላውን በር ነው።