ስሜ ያለበት የተዘጋ በር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ዘርፈሽ፤

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የሰኔው ብርድ አልጠናብሽም? አባባንስ ያ ክፉ ሳል ለቀቃቸው? እኔ እዚህ ካምፓላ በአካል ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። በልቤ ግን ደህና አይደለሁም። የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው፤ ወንድሜ ቦና ሲያነብልሽ አንድ ቃል እንዳይዘል።

ደብዳቤያችሁ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። የጓሯችን እንሰት እየጠወለገ እንደሆነ፣ እስካሁን ሠላሳ እግር እንዳለቀ አነበብኩ። የግብርና ሠራተኛው ታፈሰም መላ ፍለጋ ወሊሶ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ሄዶ ነበር አላችሁኝ። ያገኘው የእኔን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስና ስሜን ብቻ ነው፤ ልክፈተው ቢል ተዘግቷል። አንቺ ደግሞ የልጄ ስም ኢንተርኔት ላይ ወጣ ብለሽ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሽ አሉ! እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት እዚህ ማቶኬ የሚሉትን ሙዝ የሚፈጀውን በሽታ ነው፤ የእኛን እንሰት የሚገድለውም እሱው ራሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዘንድሮ የተማሪዎችን ጥናት ማንም ሰው በነጻ እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ የሚያኖርበት ቦታ ከፈተ። የጥናቴ አማካሪ የሆነው መምህሬ ግን የምርምር መጽሔት ላይ ሳይወጣ ሰው ይሰርቀናል፣ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ አለኝ። ለሥራ የሚጽፍልኝን የድጋፍ ደብዳቤ እንዳይከለክለኝ ፈርቼ ፈረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ከምኖርበት ከካንሳንጋ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር በርሬ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። የእናቴ ጓሮ እያለቀ ነው፣ ይከፈት አልኩት። ሻዩን እያማሰለ ታገሺ አለኝ! እሱ ምን አለበት፤ የእሱ ምሳ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከኮሎሎ ምግብ ቤት እንጂ ከጓሮ አይመጣ። ደሜ ፈላ። በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወጥቼ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ቅጹን አውጥታ አሳየችኝ። ለካ የዘጋሁት እኔው ነኝ፤ ለመክፈትም የእኔ ፊርማ ብቻ ይበቃል። የአማካሪዬ ፊርማ ቅጹ ላይ ጭራሽ የለም። ያኔ ንዴቴ ከእሱ ወደ ራሴ ዞረ። እዚያው ቆሜ ፈረምኩ። የድጋፍ ደብዳቤው ከእንግዲህ ይቅርብኝ። አሁን ክፍት ነውና ለታፈሰ ንገሩት።

እሱ ወሊሶ ደርሶ እስኪመለስ ግን አትጠብቁ። በሽታውን ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው የሚያደርሰው ቢላዋ ነው። አንዱን ቆርጣችሁ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት ብረቱን እሳት ላይ አግሉት። የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ቅበሩት፤ ከብት አይቅመሰው። አንቺ ደግሞ ቢላዋ ሊዋስ የመጣን ሰው ባዶ እጁን ሰደሽ አታውቂም። ከእንግዲህ ሳይግል ከቤት አይውጣ፣ ሳይግልም አይግባ። አንቺ ሳታውቂ በደግነት አዋስሽ፤ እኔ እያወቅኩ በፍርሃት ቆለፍኩ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።

የአባባን ጉልበት ሳሙልኝ። እህቴን ቦንቱን ግጥም አድርጋችሁ ሳሙልኝ። ታፈሰን ያን ሁሉ መንገድ ስለ ሄደ አመስግኑልኝ። ጎረቤታችንን ጀሊላንም ከነልጆቿ ሰላም በሉልኝ፤ ቢላዋችን ዛሬም እሷ ዘንድ ከሆነ ግን፣ ቦና፣ ደብዳቤውን አስቀምጥና ሩጥ።

ልጅሽ ለሊሴ ደሬሳ
ካምፓላ፣ ካንሳንጋ
ሰኔ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.