የስኳሬ ቀለም

የካቲት 9 ቀን 1973
ሰኞ። ስድሳ ሁለት የኬሚስትሪ ፈተና አረምኩ። ግማሾቹ የራሳቸውን ስም እንኳ በወጉ አይጽፉም...

ከሰዓት ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ታቢታ የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ጥያታለሁ። ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ዘጠና ሁለት ኪሎ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ፈታኟ እኔ ነኝ። አይቆጡ።"

ሽንቴን ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር አፈላችው። እኔው ያስተማርኳት ሙከራ! ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ካለ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ... የኔ እንደ ሸክላ ቀላ።

ሐኪሙ ሦስት ወር ሰጠኝ። ኪሎውና ስኳሩ ካልወረዱ በየቀኑ መርፌ። መድኃኒቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ነው። ያልመጣ ዕለትስ? አባቴ በዚሁ በሽታ ዓይኑ ጠፍቶ ነው የሞተው።

የካቲት 17
በየማለዳው እስከ ሐይቁ፣ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት እሄዳለሁ። የሒሳብ መምህሩ በላይነህ ከተማችን ፒያሳ ላይ አየኝና "ወንድሜ፣ ማን እያባረረህ ነው?" አለኝ። እጄን አወዛውዤለት አለፍኩ። ስመለስ የሚርበኝ ርሃብ ግን...

የካቲት 23
ጾም ገባ። የእግር ጉዞውም አለ፣ ጾሙም አለ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ኪሎው ከዚህ ወዲያ የት ያመልጣል?

መጋቢት 14
ዘጠና ሦስት! ጨመርኩ!

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ጮህኩ። ታቢታ የአምስት ኪሎ ብረት አስቀምጣ አሳየችኝ። ልክ ነው።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ምን ይበላሉ?"

ነገርኳት። ሦስት እንጀራ በሽሮ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ተልባ በማር።

"ጋሼ፣ ይሄ ጾም አይደለም። ሠርግ ነው።"

"አንቺ ጴንጤ፣ ስለ ጾም ልታስተምሪኝ ነው?"

በሩን አየች። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶበታል። በዚህ ዘመን፣ ያንን ቃል፣ በዚያ ድምፅ... ወንድሟ በዚሁ ስም ታስሮ የለም እንዴ?

መጋቢት 15
ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ተማሪ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።

"ሁለት ጊዜ ሲጥሉኝም አልጠየቁኝም" አለችና ሳቀች። ከዚያ ጻፈችልኝ። አንድ እንጀራ፣ ጎመን፣ ምስር። ማር የለም። እኔ ብሆን ኖሮ ይህን ያህል እታገሥ ነበር?

ሚያዝያ 2
ሰማንያ ዘጠኝ። ባለቤቴ አስካለ ታማርራለች። "አንተ ሰው፣ ጎረቤቱ ባሏን አስራበችው ይለኛል እኮ!"

ለካ ሁሉም ያለው ማዕድ ላይ ነው። ታዲያ እግሬን ለምን በከንቱ አደክማለሁ? መሄድ ተውኩ።

ሚያዝያ 8
አንድ እንጀራ እየበላሁ ሽንቴ አሁንም ብርቱካንማ። ለምን? ኪሎው እየወረደ ቀለሙ ለምን አይወርድም? ሌሊት የአባቴ ዓይን ይታየኛል...

ሚያዝያ 13
እንደ ሰው መቆጣቱን ትቼ እንደ ኬሚስት ልሞክር አልኩ። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ፈሳሹን ተዋስኩ። አራት ቀን ያው ምሳ፣ በሚዛን የተለካ። ሁለቱን ቀን በልቼ ተቀመጥኩ። ሁለቱን ቀን በልቼ አርባ ደቂቃ ተራመድኩ።

የተቀመጥኩ ዕለት ብርቱካንማ። የተራመድኩ ዕለት አረንጓዴ። ሁለቱንም ጊዜ!

ምግቡ ያው፣ ሰውዬው ያው። ልዩነቱ እግር ብቻ። ኪሎዬን አንዲት ግራም ያልነካው እግሬ፣ ደሜ ውስጥ ገብቶ ስኳሩን ይበላ ኖሯል። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። በገዛ ሥጋ ማየት ግን ሌላ ነው... ሃምሳ ሦስት ዓመት የተሸከምኩትን ሰውነት አላውቀውም ነበር።

ከነገ ጀምሮ ሁለቱንም፤ ማዕዱንም እግሩንም።

ሚያዝያ 19
ትናንት ፋሲካ ነበር። ዶሮው ቀረበ። አንድ ብልት፣ ግማሽ እንጀራ። አስካለ ነጠላዋን ደርባ "ና፣ እንሂድ" አለች። እስከ ሐይቁ አብረን ሄድን።

ግንቦት 10
ሰማንያ አራት ኪሎ። ሐኪሙ "መርፌው ለጊዜው ይቅር። ግን አልዳንክም፣ ገራኸው እንጂ" አለኝ። አልተከራከርኩም።

ታቢታ ሽንቴን አፈላችው። ፈላ... ሰማያዊ። ደግሞ ፈላ። ሰማያዊ። ሠላሳ ዓመት ይህን ሙከራ ሳስተምር አንድም ቀን አልደነቀኝም። ዛሬ ግን ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንሥቼ አላወርደው አልኩ።

"ጋሼ፣ ይድፉት እንጂ፤ ሰው ይጠብቃል።"

"እስቲ አንዴ ድገሚልኝ" አልኳት።

አልሳቀችብኝም። ሌላ ቱቦ አጠበችና ጠብታዎቹን ጮክ ብላ እየቆጠረች፣ እኔ እንዳስተማርኳት፣ ደገመችው።